ከ40 በኋላ ሎው ስኩል፦ የትኞቹ ትምህርት ቤቶች ጋ እንደምታመለክቱ እንዴት ትመርጣላችሁ?

አሜሪካ ውስጥ የሎው ስኩል (የሕግ ትምህርት ቤት) ማመልከቻ የሚከፈተው ሴፕቴምበር ላይ ነው፤ በእንቁጣጣሽ ሰሞን። ስልኬም መጮህ የሚጀምረው በዚያው ሰሞን ነው። ደዋዮቹ ነርስ፣ አካውንታንት፣ የፓርኪንግ ሥራ አስኪያጅ፣ ልጆቹን ኮሌጅ አስገብቶ የጨረሰ ታክሲ ነጂ ናቸው። ሁሉም ከ40 በላይ ናቸው፤ ሁሉም የሚጠይቁት “የት ላመልክት?” ነው።

ያወጡትን ዝርዝር ሳየው የ22 ዓመት ልጅ የጻፈው ይመስላል። ከላይ ስመ ጥሩዎቹ ይደረደራሉ፤ ከታች ለክፉ ቀን የተያዘ አንድ የሰፈር ትምህርት ቤት ይኖራል። በማርች የእምቢታ ደብዳቤው ይመጣል። አለዚያም ይቀበሏቸውና ሥራና ትምህርቱ አልገጥም ይላል።

አልፈርድባቸውም። እኔም በ43 ዓመቴ ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ዘጠኝ ቦታ አመለከትኩ። ከዘጠኙ አምስቱ የማታ ፕሮግራም እንደሌላቸው እንኳ ልብ አላልኩም። ደመወዜን መተው የማልችል ሰው ስለሆንኩ ቢቀበሉኝም አልገባም ነበር። የማመልከቻው ገንዘብ ውሃ በላው።

ስለ ዕድሜያችሁ አትጨነቁ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ተቋም በዕድሜ ምክንያት ሰው እንዳያገል እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣ ሕግ አለ። ጭንቀታችሁን ለዝርዝሩ አውሉት። ከታች ያለውን በቅደም ተከተል ሥሩ፤ ደረጃ አትዝለሉ። ከመጀመሪያው እስከ ማመልከቻ መላኪያ ቀን ቢያንስ አንድ ዓመት ያዙለት።

ደረጃ 1፦ ጄዲ በእርግጥ ያስፈልጋችኋል?

ይህን በአንድ ምሽት መጨረስ ትችላላችሁ፤ ግን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ጄዲ፣ ማለትም ጠበቃ ለመሆን የሚያበቃው የሕግ ዲግሪ፣ በሙሉ ጊዜ 3፣ በማታ ብዙውን ጊዜ 4 ዓመት ይፈጃል። ያንን ያህል ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ነገር አጣሩ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሕግ ተምራችሁ ተመርቃችኋል? እንግዲያውስ ጄዲው ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ኒውዮርክ በውጭ አገር ሕግ የተማረ ሰው 24 ክሬዲት ያለው ብቁ የኤልኤልኤም (የሕግ ማስተርስ) ትምህርት ጨርሶ ባር ፈተና (የጥብቅና ፈቃድ ፈተና) እንዲቀመጥ የምትፈቅድበት መንገድ አላት። ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ ኤቢኤ (የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር) በሚያውቀው ትምህርት ቤት 26 ክሬዲት ትጠይቃለች። ይህ የአንድ ዓመት ጉዳይ ነው። ማስጠንቀቂያ፦ ኤልኤልኤም ሁሉ ለባር አያበቃም። ከመመዝገባችሁ በፊት ለኒውዮርክ የባር ፈታኞች ቦርድ ዲግሪያችሁን አስቀድማችሁ አስገምግሙ። “ይቆጠርልኛል” ብሎ ከፍሎ፣ በኋላ “አይቆጠርም” የተባለ ሰው አውቃለሁ።

ዓላማችሁ ወገንን በኢሚግሬሽን ጉዳይ መርዳት ብቻ ነው? የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ዕውቅና በሰጠው በጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ ሆኖ፣ ጠበቃ ሳይሆኑ ሰው ለመወከል ፈቃድ የሚያስገኝ መንገድ አለ። አክሬዲትድ ሪፕረዘንታቲቭ ይሉታል። ዓላማችሁን የሚሞላ ከሆነ የአራት ዓመት ዕዳ ለምን ትሸከማላችሁ?

ሁለቱም እናንተን ካልነካ ወደ ቀጣዩ እለፉ።

ደረጃ 2፦ ከመጨረሻው ጀምሩ

የት ተቀምጣችሁ ነው የምትሠሩት? የግዛቱን ስም በወረቀቱ አናት ላይ ጻፉት። የትምህርት ቤቱ ስም ከዚያ በታች ነው የሚመጣው።

ምክንያቱም የጥብቅና ፈቃድ የሚሰጠው በግዛት ነው። ከሦስትና አራቱ ዝነኞች በስተቀር የአብዛኛው ሎው ስኩል ስም የሚሠራው በአካባቢው ነው። የከተማው ዳኞች፣ ዐቃቤ ሕጎችና ትናንሽ ቢሮዎች የዚያው የከተማው ምሩቆች ናቸው። የ23 ዓመት ልጅ ሥራ ባገኘበት ይሄዳል። እናንተ ግን ቤት ገዝታችኋል፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው፤ ማኅበሩ፣ ዕድሩ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ እዚያው ነው። ነገ ደንበኛ የሚሆናችሁም ይሄው ሰው ነው። ይህን እንደ ድክመት አትዩት፤ ወጣቱ የሌለው ሀብት ነው።

ከግዛቱ ስም ቀጥሎ ይህን መስመር አስምሩ፦ ኤቢኤ ያላጸደቀው ትምህርት ቤት በዝርዝሩ ላይ አይገባም። በመላው አገሪቱ ወደ 200 የሚጠጉ የጸደቁ አሉ፤ ይበቁናል።

ማስጠንቀቂያ፦ “በኦንላይን፣ በርካሽ፣ ያለ ኤልሳት” የሚል ማስታወቂያ ስታዩ ቆም በሉ፤ ኤልሳት የሎው ስኩል መግቢያ ፈተና ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ኤቢኤ ያላጸደቃቸው ትምህርት ቤቶች አሉ። ተመራቂዎቻቸው የካሊፎርኒያን ባር መውሰድ ይችላሉ፤ ሌሎች ግዛቶች ግን ብዙዎቹ በራቸውን ይዘጉባቸዋል። ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ለምትኖሩ እንዲህ ያለ ዲግሪ ግድግዳ ላይ ከመስቀል ብዙም አያልፍም።

ደረጃ 3፦ ሳምንታችሁን ቁጠሩ

አንድ ነጭ ወረቀት አምጡና ከላይ 168 ብላችሁ ጻፉ። የሳምንቱ ሰዓት ነው።

አሁን የትምህርቱን ክብደት እንወቅ። በኤቢኤ መስፈርት አንድ ክሬዲት ማለት በሳምንት 50 ደቂቃ ክፍል፣ ከክፍል ውጪ ደግሞ 2 ሰዓት ሥራ ነው። የማታ ተማሪ በሴሚስተር 10 ክሬዲት ወሰደ እንበል። ክፍሉ 8 ሰዓት ከ20 ደቂቃ፣ ጥናቱ 20 ሰዓት ይሆናል። ከ28 ሰዓት በላይ ማለት ነው፤ መንገዱን ገና አልቆጠርንም።

የኔን ሒሳብ ላሳያችሁ። ሥራ 40። ወደ ሥራ መመላለሻ 6። እንቅልፍ 49፤ ይህን አትንኩት፣ ዕድሜያችሁ አይፈቅድም። ትምህርት 28። ወደ ትምህርት ቤት መመላለሻ 6። ድምሩ 129። የቀረኝ 39 ሰዓት ነው።

39 ብዙ ይመስላል። ግን ማብሰሉ፣ መታጠቡ፣ የልጅ ስብሰባው፣ ግሮሰሪው፣ ሐኪም ቤቱ ከዚያ ላይ ነው የሚነሳው። ቅዳሜ ሰርግ፣ እሁድ ክርስትና፣ ማክሰኞ ለቅሶ። በተለይ ለቅሶው! እኛ ጋ “ፈተና አለብኝ” ብሎ ከለቅሶ መቅረት እንዴት እንደሚታይ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ወረቀቱን ብቻችሁን አትሥሩት። ባለቤታችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡና አብራችሁ ሙሉት። “ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ልጆቹን ማን ያመጣል?” የሚለው መልስ በስም መጻፍ አለበት። “እናየዋለን” መልስ አይደለም።

ውጤቱ ዝርዝሩን በሦስት መንገድ ይወስነዋል።

- የቀራችሁ ሰዓት ከ25 በታች ከሆነና ሥራ መቀነስ ካልቻላችሁ ለዘንድሮ አታመልክቱ። አንድ ዓመት ወስዳችሁ ሳምንቱን አስተካክሉ።
- ሥራችሁን የማትለቁ ከሆነ በዝርዝሩ ላይ የሚገባው የማታ፣ ፓርት ታይም ወይም ግማሹ በኦንላይን የሚሰጥ ፕሮግራም ብቻ ነው። ሌላውን በሙሉ ሰርዙ። ስሙ ቢያጓጓም ሰርዙ።
- ሥራ መልቀቅ የምትችሉ ከሆነ የሙሉ ጊዜውን አስቡ፤ ስኮላርሺፑ በአብዛኛው እዚያ ይበዛል።

የኛ ሰው በሚበዛባቸው ከተሞች ለመነሻ የሚሆኑ አሉ። በዲሲ አካባቢ ጆርጅታውን፣ ጆርጅ ዋሽንግተን፣ ጆርጅ ሜሰንና የዲስትሪክት ኦፍ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ (ዩዲሲ) በፓርት ታይም ያስተምራሉ። ባልቲሞር ላይ የሜሪላንድና የባልቲሞር ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። አትላንታ ጆርጂያ ስቴት፣ ሲያትል ላይ ሲያትል ዩኒቨርሲቲ፣ ዴንቨር ላይ የዴንቨር ዩኒቨርሲቲ፣ ላስ ቬጋስ ዩኤንኤልቪ አለ። ሚኒሶታ ያለው ሚቼል ሃምሊን ግማሽ ኦንላይን የሆነ ጄዲ በመጀመር ቀዳሚ ነው። ሃዋርድን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል፤ እሱ የሙሉ ጊዜ ብቻ ነው። የክፍል ሰዓትና አሰጣጥ ስለሚቀያየር የዘንድሮውን ከራሱ ከትምህርት ቤቱ ገጽ አረጋግጡ።

ከዚያ መንገዱን በአካል ሞክሩት። ክፍል የሚጀምረው ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ ማለትም በእዚህ አገር አቆጣጠር 6፡30 ከሆነ፣ አንድ ማክሰኞ ከሥራ ወጥታችሁ ቀጥታ ንዱ። እኔ እሁድ ከሰዓት ሞክሬ 25 ደቂቃ ፈጀብኝና ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። ማክሰኞ 1 ሰዓት ከ10 ወሰደ። ፓርኪንግ ፍለጋው ለብቻው ነው።

ደረጃ 4፦ ትራንስክሪፕት ከሁሉም በፊት

ዝርዝሩ ገና ሳያልቅ ይህን ጀምሩ። የብዙ ሰው ዓመት የሚቃጠለው እዚህ ላይ ነው።

ማመልከቻው የሚያልፈው ኤልሳክ በሚባለው ድርጅት በኩል ነው። ካስ የተባለ አገልግሎት አላቸው፤ ትራንስክሪፕትና የድጋፍ ደብዳቤ አንዴ ይቀበላል፣ ለየትምህርት ቤቱ ያከፋፍላል።

የኢትዮጵያ ዲግሪ ያላችሁ፦

1. ወጪ መጋራት (ኮስት ሼሪንግ) ካለባችሁ መጀመሪያ እሱን ጨርሱ። ያለ ክሊራንስ ሪጅስትራር ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አይሰጥም።
2. ትራንስክሪፕቱ ከሪጅስትራር በቀጥታ ወደ ኤልሳክ መሄድ አለበት። እጃችሁ ላይ ያለው ስቱደንት ኮፒ፣ ማኅተም ቢኖረውም፣ አይሠራም። ዘመድ ተቀብሎ በዲኤችኤል ቢልከውም አይሠራም።
3. ከኤልሳክ ገጽ የትራንስክሪፕት መጠየቂያ ቅጹን አትሙና አብሮ እንዲላክ አድርጉ። ቅጹ ከሌለ ፖስታው ደርሶም ከማን እንደሆነ ላይታወቅ ይችላል።
4. አገር ቤት ውክልና የሰጣችሁት ሰው በአካል ሄዶ ይከታተል። ስልክ ላይ “ተልኳል” ቢባልም የመላኪያ ቁጥሩን በፎቶ ይላክላችሁ።
5. ትምህርቱ በእንግሊዝኛ መሰጠቱን የሚገልጽ ደብዳቤም በዚያው አስጽፉ። ቶፍል (የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተና) የሚጠይቅ ትምህርት ቤት ካጋጠማችሁ ነጻ እንዲያደርጋችሁ ለመጠየቅ ይረዳል።

ስማችሁን ፈትሹ። ዲግሪው ላይ እስከ አያት፣ ግሪን ካርዱ ላይ እስከ አባት፣ መንጃ ፈቃዱ ላይ ደግሞ አንድ ፊደል ጎድሎ ይሆናል። “ምሕረት” በእንግሊዝኛ በስንት ዓይነት እንደሚጻፍ አስቡት። የኤልሳክ አካውንት ስትከፍቱ በመታወቂያችሁ ላይ ያለውን ስም ተጠቀሙ፤ ሌላውን አጻጻፍ በሙሉ በሌሎች ስሞች ቦታ አስመዝግቡ። ፈተና ቀን መታወቂያውና ምዝገባው ካልገጠመ አያስገቧችሁም። ዓመቱንም እዩ፤ ወረቀቱ 1996 የሚለው በኛ አቆጣጠር ከሆነ እናንተ የምትሞሉት እንደ ወሩ 2003 ወይም 2004 ነው።

ኤልሳክ ለውጭ ዲግሪ እንደ አሜሪካኑ የጂፒኤ ቁጥር አያወጣም፤ ደረጃውን በቃል ይገመግመዋል። የዚህ ትርጉሙ ትልቅ ነው። ትምህርት ቤቱ የሚያወዳድራችሁ ቁጥር ኤልሳት ብቻ ይሆናል ማለት ነው። ጊዜያችሁን እዚያ ላይ አፍስሱ።

አሜሪካ የተማራችሁ፦ ከመጀመሪያው ባችለር በፊት የረገጣችሁት ኮሌጅ ሁሉ ይቆጠራል። ገና እንደመጣችሁ፣ ሁለት ሥራ እየሠራችሁ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተመዝግባችሁ የተዋችሁትና ኤፍ የሆነው ኮርስ 20 ዓመት ቢሞላውም አለ። ከባችለር በኋላ የተማራችሁት፣ ማስተርስም ቢሆን፣ በጂፒኤው ሒሳብ አይገባም። ስለዚህ ውጤት ለማሻሻል ብላችሁ ዛሬ ኮርስ አትውሰዱ። ያ ኤፍ ለምን እንደመጣ በግማሽ ገጽ አስረዱ፤ ለቅሶ ሳታበዙ።

*ከተበላሸ፦* ትራንስክሪፕቱ ካልደረሰ ወር አትጠብቁ። ሪጅስትራሩን እንደገና አስልኩ፤ በጎን ለትምህርት ቤቱ የቅበላ ቢሮ ኢሜይል ጻፉና የጠየቃችሁበትን ማስረጃ አያይዙ። አንዳንዶቹ ፋይሉን ክፍት አድርገው ይጠብቃሉ። ካልጻፋችሁ ግን ፋይሉ “ያልተሟላ” እንደተባለ ዓመቱ ያልፋል፤ ማንም አይደውልላችሁም።

ደረጃ 5፦ ኤልሳት፤ ከዝርዝሩ በፊት

ቁጥር ሳይኖራችሁ ትምህርት ቤት መምረጥ ልካችሁን ሳታውቁ ጫማ እንደመግዛት ነው። ኤልሳት ከ120 እስከ 180 ይሰጣል። የሚቆጠሩት ክፍሎች ሦስት ናቸው፤ ሁለቱ ክርክርን መመርመር፣ አንዱ ንባብ። አንድ የማይቆጠር ክፍል ይጨመራል፤ የትኛው እንደሆነ አይነገራችሁም። እያንዳንዱ 35 ደቂቃ ነው።

- ሎጂክ ጌምስ የሚባለው ክፍል ከኦገስት 2024 ጀምሮ ቀርቷል። ከጓደኛ የወረሳችሁት መጽሐፍ ያ ክፍል ካለበት ዝለሉት። አንድ ወዳጄ ሁለት ወር ሙሉ እሱን ሲያጠና ከርሟል።
- ሎውሀብ በተባለው የኤልሳክ ድረ ገጽ ላይ አካውንት ክፈቱ። ነጻ የልምምድ ፈተናዎች አሉበት። ከፍላችሁ ኮርስ ከመግባታችሁ በፊት አንዱን በሰዓት ተፈተኑ።
- እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋችን ነው ተብሎ ተጨማሪ ደቂቃ አይሰጥም። የጤና ምክንያት ካላችሁ ግን፣ ዓይንም ጀርባም ቢሆን፣ በሐኪም ማስረጃ ማመቻቸት መጠየቅ ትችላላችሁ። ቀነ ገደብ ስላለው ቀድማችሁ ጠይቁ።
- ምዝገባው ከ200 ዶላር በላይ ነው፤ ካሱም እንደዚያው። ገቢያችሁ ዝቅ ያለ ከሆነ መጀመሪያ የክፍያ ነጻ ጥያቄ አስገቡ። ከከፈላችሁ በኋላ አይመልሱላችሁም።
- አንድ ሰው በዕድሜው መውሰድ የሚችለው 7 ጊዜ ብቻ ነው። “ልሞክረው” ብላችሁ አትግቡ።

ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ከሥራ ተመልሳችሁ አታጥኑ። እኔ የሠራልኝ ጠዋት፣ ቤቱ ሳይነሳ፣ 50 ደቂቃ ነበር። ቡና እስኪፈላ ሁለት ጥያቄ፣ ከፈላ በኋላ አንድ የንባብ ክፍል። ስድስት ወር እንደዚያ።

የመጨረሻ ሦስት የልምምድ ውጤቶቻችሁን አማካይ ያዙ። ምርጡን አትያዙ፤ እሱ የደህና ቀን ውጤት ነው።

*ከተበላሸ፦* ውጤቱ ከአማካዩ በአራትና አምስት ነጥብ ከወረደ ድገሙት፤ ትምህርት ቤቶች በአብዛኛው ከፍተኛውን ነው የሚያዩት። ከአማካዩ ጋር እኩል ከሆነ ግን ፈተናው አልበደላችሁም። ወይ የጥናቱን መንገድ ለውጡ፣ ወይ ዝርዝሩን።

ደረጃ 6፦ የ509 ሪፖርትን አንብቡና ዝርዝሩን ሥሩ

አሁን ነው መምረጥ የሚጀመረው። ኤቢኤ ያጸደቀው ትምህርት ቤት ሁሉ በየዓመቱ እስከ ዲሴምበር 15 የ509 ሪፖርት የሚባል ሰነድ ያወጣል። በብሮሹሩ ላይ ያለችው ፈገግ ያለች ተማሪ የማትነግራችሁ ሁሉ እዚያ ነው። ይህን ቅደም ተከተል ያዙ።

መጀመሪያ ኤልሳቱን። ሦስት ቁጥር ታያላችሁ፤ ታችኛው ሩብ፣ መካከለኛው፣ ላይኛው ሩብ። ለምሳሌ 154፣ 158፣ 161 ቢልና እናንተ 159 ቢኖራችሁ መሐል ላይ ናችሁ። የሙሉ ጊዜና የፓርት ታይም ቁጥር ለየብቻ ስለተቀመጠ የራሳችሁን መስመር አንብቡ።

ቀጥሎ ስኮላርሺፑን። ስንት ተማሪ አገኘ፣ ከትምህርት ክፍያው ምን ያህሉን ሸፈነ። እዚህም ፓርት ታይሙ ለብቻ ነው፤ ብዙ ጊዜ ያሳዝናል።

ሦስተኛ ሁኔታዊ ስኮላርሺፕን። “ጂፒኤህ ከዚህ ካልወረደ” የሚል ቅድመ ሁኔታ ያለው ማለት ነው። ስንት ሰው እንዳገኘና ስንቱ እንደተቀነሰበት ወይም እንደተነጠቀ በቁጥር ተጽፏል። የመጀመሪያው ዓመት ውጤት በክፍሉ ልክ ተመዝኖ ነው የሚሰጠው፤ ሁሉም ጎበዝ ቢሆን እንኳ የሆነ ሰው ታች ይወድቃል። እኔ የቀረበልኝን ስኮላርሺፕ ፈርሜ ቅድመ ሁኔታውን ያነበብኩት በኋላ ነው። ሁለተኛው ዓመት ላይ ግማሹ ሄደ። ፊርማው የኔ ነው፤ ማንን እወቅሳለሁ?

አራተኛ የወጡትን። በመጀመሪያው ዓመት ስንት ሰው በውጤት ምክንያት ተሰናበተ? ከአሥሩ አንዱ ወይም በላይ ከሆነ ጥያቄ ምልክት አድርጉበት።

አምስተኛ ባርና ሥራ። እነዚህ በተለየ ሠንጠረዥ ይወጣሉ። ትምህርት ቤቱ ዕውቅናው እንዲጸና ባር ከተቀመጡት ተመራቂዎቹ ቢያንስ 75 በመቶው በሁለት ዓመት ውስጥ ማለፍ አለባቸው። እናንተ ግን የመጀመሪያ ሙከራውን ቁጥር እዩ። ባር ሁለቴ ለመቀመጥ የሚበቃ ዕረፍት አሠሪያችሁ አይሰጣችሁም። በሥራው ሠንጠረዥ ላይ ደግሞ “የባር ፈቃድ የሚጠይቅ፣ የሙሉ ጊዜ፣ ዘላቂ” የሚለውን መስመር ብቻ አንብቡ። የሚቆጠረው ከተመረቁ ከ10 ወር በኋላ ያለው ሁኔታ ነው።

ከዚህ በኋላ ከ4 እስከ 7 ትምህርት ቤት ይተርፋችኋል። አንድ ወይም ሁለቱ ኤልሳታችሁ ከመካከለኛው በታች የሆነበት ይሁን። ቢያንስ ሁለቱ ከላይኛው ሩብ በላይ የሆናችሁበት ይሁን፤ ገንዘብ የሚመጣው ከዚያ ነው። የቀረው መሐል። ከሰባት በላይ ከሆነ ደረጃ 3ን አልሠራችሁትም ማለት ነው።

*ከተበላሸ፦* በመኪና በሚደረስበት ርቀት አንድ ብቻ ከሆነ ግማሽ ኦንላይን የሆኑትን ጨምሩ። በሴሚስተር ስንት ጊዜ በአካል እንደሚጠሩ ጠይቁና የአውሮፕላኑን ቲኬት ከትምህርት ክፍያው ጋር ደምሩት።

ደረጃ 7፦ ገንዘቡን እስከ ጡረታ ድረስ አስሉት

የፌዴራል ብድር ሕግ ተለውጧል። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ አዲስ ተበዳሪ የሙሉውን ወጪ ያህል የሚያስበድረውን ግራድ ፕላስ አያገኝም። ለሎው ስኩል ጣሪያው በዓመት 50,000፣ በጠቅላላው 200,000 ዶላር ነው። ፓርት ታይም ለሚማር ዓመታዊው ጣሪያ እንደ ክሬዲቱ ይቀንሳል። የቆየ ምክር የሚሰጣችሁ ሰው ይህን ላያውቅ ይችላል። ግሪን ካርድ ያለው፣ ጥገኝነት ያገኘና ስደተኛ ሆኖ የገባ ብድሩን ያገኛል፤ ቲፒኤስ (ጊዜያዊ ከለላ) ብቻ ያለው አያገኝም።

ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ይህን ጻፉ፦ የአራቱ ዓመት ክፍያ፣ ሲቀነስ የተረጋገጠ ስኮላርሺፕ፣ ሲቀነስ ከኪስ የምትከፍሉት። የቀረው ዕዳ ነው። በ44 ጀምራችሁ በ48 ብትመረቁ የምትከፍሉበት ዘመን የ26 ዓመቱን ልጅ ያህል ረጅም አይደለም። በሕዝብ አገልግሎት መስክ የምትሠሩ ከሆነ ከ120 ክፍያ፣ ማለትም ከ10 ዓመት በኋላ የቀረው የሚሰረዝበት ፕሮግራም አለ። በ48 የተመረቀ ሰው በ58 ገደማ ይገላገላል።

- 401ኬ (በሥራ ቦታ የምታጠራቅሙትን የጡረታ ገንዘብ) አትንኩ። ከ59 ዓመት ተኩል በፊት ካወጣችሁ ከታክሱ ሌላ በአብዛኛው 10 በመቶ ቅጣት አለው።
- ስኮላርሺፑ ካነሰ ጠይቁ። “ከሌላ ትምህርት ቤት ይህን ያህል ቀርቦልኛል፤ የናንተን እመርጣለሁ፤ እንደገና ታዩልኝ?” ብሎ በትሕትና መጻፍ ነውር አይደለም። እኛ መርካቶ ተከራክረን ያደግን ሰዎች እዚህ ስንደርስ ለምን እንደምናፍር አይገባኝም።
- አንዳንድ ትምህርት ቤት ለእርዳታ ፎርሙ የወላጆቻችሁን ገቢ ይጠይቃል። በ46 ዓመት! አትናደዱ። ዕድሜያችሁን ጠቅሳችሁ ነጻ እንዲያደርጓችሁ ጻፉ።

ደረጃ 8፦ ማታ ሄዳችሁ ተቀመጡ

ከማመልከታችሁ በፊት ቢያንስ ሁለቱን ጎብኙ። በቀን ለጎብኚ የሚያሳዩት ሌላ ነው። የማታ ክፍል ለማየት ፍቀዱልኝ በሉ።

እኔ በገባሁበት ክፍል ከኔ የምትበልጥ ሴት የሆስፒታል ባጇን ሳታወልቅ መጥታ ከፊት ተቀመጠች። በፎይል የተጠቀለለ ሳንድዊች ከቦርሳዋ አውጥታ አንዴ እንደ ጎረሰች አስተማሪው ስሟን ጠራት። ዋጥ አድርጋ መለሰች፤ ማንም አልሳቀም። ከክፍሉ ግማሹ ጸጉሩ ሸብቷል። ሌላ ቦታ ደግሞ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ላይብረሪው ሰው የለውም፣ የሥራ ማፈላለጊያ ቢሮው በ11 ሰዓት ተዘግቷል፣ ካፌው ጨልሟል። ያኛውን የዚያኑ ዕለት ሰረዝኩት።

እነዚህን ጠይቁ፦

- የሥራ ማፈላለጊያ ቢሮው ማታ ይከፈታል? ከ40 በላይ የሆኑ የቅርብ ተመራቂዎች የት ገቡ?
- የማታ ተማሪ በሕግ ክሊኒክ (ተማሪዎች በአስተማሪ ሥር ሆነው እውነተኛ ደንበኛ የሚረዱበት) ውስጥ ሊሠራ ይችላል? በየትኛው ሰዓት?
- አንድ ሴሚስተር ማቋረጥ ቢያስፈልገኝ ስኮላርሺፑ ይጠብቀኛል?

ለሦስተኛው በጽሑፍ መልስ ካላገኛችሁ እንደ “አይጠብቅም” ቁጠሩት። እናት የምትታመመው በፈተና ሰሞን ነው።

ደረጃ 9፦ ማመልከቻውን ላኩ

ከኦክቶበር እስከ ኖቬምበር መጨረሻ ላኩ። ቅበላው እንደመጣ ስለሚታይ ወንበሩም ገንዘቡም ከጊዜ ጋር ይሳሳል።

የድጋፍ ደብዳቤ፦ የዛሬ 20 ዓመት ያስተማራችሁን ሰው ለመፈለግ አትልፉ። ትምህርት ከጨረሰ ለቆየ ሰው የአለቃ ደብዳቤ ይቀበላሉ። ሥራችሁን በዓይኑ ያየ ይሁን፤ ትልቅ ስም ያለው የሩቅ ሰው አይረባም።

የግል ጽሑፍ፦ ስደቱን በአንድ አንቀጽ ጨርሱት። የቀረውን አሁን ለምን ሕግ፣ በሥራ ላይ ምን አይታችሁ እንደሆነ ጻፉ። ለዕድሜያችሁ ይቅርታ አትጠይቁ።

የጠባይ ጥያቄ (ያለፈ ጥፋትና ቅጣት የሚጠየቅበት የማመልከቻው ክፍል)፦ ይህ ላይ ብዙ ታክሲና ኡበር የነዳ ሰው ይሰናከላል። ጥያቄው የትራፊክ ቅጣትን ይጨምራል ካለ ሁሉንም ጻፉ። ከሞተር ተሽከርካሪ መሥሪያ ቤት የመንጃ ታሪካችሁን አውጡና ከሱ ላይ ገልብጡ። ቲኬቱ አይጎዳም፤ መደበቁ ይጎዳል። ከአራት ዓመት በኋላ የባር ፈታኞች ያኔ የጻፋችሁትን ከአዲሱ ጋር ያስተያዩታል። አንድ ቲኬት ረስታችሁ ከላካችሁ ዛሬውኑ ለትምህርት ቤቱ ማስተካከያ ጻፉ።

መልሱ ሲመጣ

*ሁሉም እምቢ ካሉ፦* በዚያው ዓመት ወደ ማንኛውም በር አትሩጡ። ኤልሳቱን ከፍ አድርጋችሁ በሴፕቴምበር ቀድማችሁ ላኩ። ያው ዝርዝር፣ ያው ውጤት፣ ያው ጽሑፍ ይዛችሁ ከተመለሳችሁ መልሱም ያው ነው።

*ተጠባባቂ ካደረጓችሁ፦* አንድ ገጽ ደብዳቤ ላኩ፤ ከተቀበላችሁኝ እገባለሁ በሉ፣ እውነት ከሆነ። በየሳምንቱ አትደውሉ።

*የተቀበላችሁ ትምህርት ቤት ገንዘቡ ካልበቃችሁ፦* ወደሚቀጥለው ዓመት ማስተላለፍ ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ስኮላርሺፑም አብሮ ይተላለፍ እንደሆነ ለይታችሁ ጠይቁ፤ ወንበሩ ተላልፎ ገንዘቡ የሚቀርበት አለ።

*ሁለት ቦታ ከገባችሁና መወሰን ካቃታችሁ፦* የደረጃ 3ን ወረቀት መልሳችሁ አውጡ። ማክሰኞ ማታ የትኛው ጋ በሰዓቱ ትደርሳላችሁ? መያዣውን ለዚያኛው ክፈሉ፤ ለሌላው ደግሞ በዚያው ሳምንት አልመጣም ብላችሁ ጻፉ፤ ወንበሩን የሚጠብቅ ሰው አለ።